በ4 ጊጋ ራም ላፕቶፕ አፕ መሥራት ይቻላል
ፍላተር የሚባለውን አፕ መሥሪያ የመረጥኩት በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም ስለሚያገለግል ነው። ችግሩ ላፕቶፔ ነበር። ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ኢሙሌተሩን (ላፕቶፕ ላይ እንደ ስልክ ሆኖ አፕ የሚያስሞክረውን ፕሮግራም) ስከፍት ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።

መፍትሔው ኢሙሌተሩን ጨርሶ መተው ሆነ። ከባዱን የአንድሮይድ አፕ መሥሪያ ፕሮግራም፣ አንድሮይድ ስቱዲዮን፣ አጥፍቼ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠሩትን ኮማንድ ላይን ቱልሱን ብቻ ጫንኩ። ኮዱን በቪኤስ ኮድ እጽፋለሁ። አፑን የምሞክረው በራሴ ስልክ ነው። ስልኬ ሴቲንግ ውስጥ ቢልድ ነምበርን 7 ጊዜ ስነካ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ (የአፕ ሠሪዎች ማስተካከያ) ተከፈተ፤ ላፕቶፑ አፑን በገመድ ስልኩ ላይ እንዲያስነሳ የሚፈቅደውን ዩኤስቢ ደበጊንግን አበራሁ። ገመዱን ስትሰኩ ስልኩ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህችን እንዳታልፏት! የቀረውን «ፍላተር ዶክተር» የሚለው ትእዛዝ ይነግራችኋል።

አሁን ሴቭ ሳደርግ ለውጡ ወዲያው ስልኬ ላይ ይታያል። በጣም ደስ ይላል። የመጀመሪያውን ቢልድ (ኮዱን ወደ አፕ የመቀየር ሥራ) ግን ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሆናችሁ ጀምሩት፤ ይህን ሥራ የሚሠራው ግሬድል የተባለ ፕሮግራም ብዙ ፋይል ያወርዳል። አይፎን ላይ ለመሞከር ኤክስኮድ (የአፕል አፕ መሥሪያ) የተጫነበት ማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል።