ኤክስኦ ላፕቶፕ ስታስቸግር፦ ለጎንደር በጎ ፈቃደኞች

ለታዳጊ አገሮች ልጆች ታስባ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት የተመረተችው ነጭና አረንጓዴዋ ኤክስኦ ላፕቶፕ ወደ ኢትዮጵያም በሺዎች ገብታለች። ጎንደር ውስጥ አንዷ እጃችሁ ከገባች «አበቃላት» የሚላችሁን አትስሙ። ከየሙያው ጥቂት የሚያውቅና ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚያነብ ሰው ብዙውን ችግር ይፈታዋል።

ጨርሶ አትበራም። በመጀመሪያ ባትሪውንና ቻርጀሩን ጠርጥሩ። ባትሪውን አውጡና በቻርጀር ብቻ ሞክሯት፤ ከበራች ጥፋቱ የባትሪው ነው። ቻርጀሩ ከጠፋም ተስፋ አትቁረጡ፤ ከ11 እስከ 18 ቮልት ስለምትቀበል በክረምት መብራት ሲጠፋ ባለ 12 ቮልት የሶላር ባትሪ ይበቃታል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሳታረጋግጡ ግን አትሰኩ።

ጀምራ መሃል ላይ ትቆማለች። ማከማቻዋ 1 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ልጆች በካሜራዋ የሚቀርጹት ቪዲዮ ቶሎ ይሞላዋል። አሁንም የምትነሳ ከሆነ ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ገልብጡና ከውስጧ አጥፉ። ካልተነሳች ሶፍትዌሩን ከፍላሽ እንደ አዲስ መጫን ይቻላል፤ ይህ ግን የልጁን ሥራ ሁሉ ይደመስሳል። ባለቤቱን ሳትጠይቁ በፍጹም አታድርጉት።

ጠቋሚው ይዘላል። ብዙውን ጊዜ የጣት እርጥበት ነው። አድርቁና በኪቦርዱ አራት ማዕዘኖች ያሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ።

የአማርኛ ፋይል አይነበብም። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። የሚታየው ባዶ ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንት ስለሆነ በነጻ የሚገኘውን አቢሲኒካ ጫኑ። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ ግን ፋይሉ የተጻፈው የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ከመግባቱ በፊት በተለመዱት ፎንቶች ነው። የድሮውን ፎንት መጫን የሚጠቅመው ያንኑ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ዘላቂው መፍትሄ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። መለወጫው ፕሮግራም ሲጨርስ አትመኑት። እንደ ቋ እና ጓ ያሉት ፊደላት ሊበላሹ ስለሚችሉ ቋራ ወይም ጓንግ የሚሉ ስሞች ያሉበትን የጂኦግራፊ ፈተና አማርኛ የሚያውቅ ሰው ከዋናው ወረቀት ጋር መስመር በመስመር ያስተያየው። እኔ ከማንኛውም ጥገና ይልቅ ለዚህ እሳሳለሁ፤ የአንድ መምህር የዓመታት ድካም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የተሳሳቱትን ፊደላት በፎንቱ ስም ለይታችሁ መዝግቡ፤ የዚያው መምህር ቀጣይ ፋይል ብዙውን ጊዜ በዚያው ፎንት የተጻፈ ይሆናል።