ሳይንስ ፊክሽን በ«ዱን» አይጀመርም

ሳይንስ ፊክሽን ማንበብ ልጀምር ሲል፣ የ«ዱን»ን ፊልም ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው መጽሐፉን ነው። እኔም እንደዛው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተውኩት። ፍራንክ ኸርበርት በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ መጽሐፍ መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻ አለው፤ ነገሩ ከዚያው ይታወቃል። ገና ከመጀመሪያው የማያውቁት ስምና ማዕረግ ይዘንብብዎታል። አንድ ጣት ታሪኩ ላይ፣ አንድ ጣት መፍቻው ላይ። ድንቅ መጽሐፍ ነው፤ ግን አምስተኛ ወይ ስድስተኛ ይሁን።

«ከሥሩ ልጀምር» ማለትም ያስቸግራል። ሥሩ ብዙዎች እንደሚሉት የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ነው፣ 1818። ጭራቁን ፍለጋ ሲከፍቱት ግን አንድ መርከበኛ ለእህቱ የሚጽፈው ደብዳቤ ይቀበልዎታል። (በነገራችን ላይ ፍራንከንስታይን የፈጣሪው ስም ነው፤ ጭራቁ ስም የለውም።)

ተከታታይ መጻሕፍትን ደግሞ በወጡበት ቅደም ተከተል ያንብቡ። የአይዛክ አሲሞቭ «ፋውንዴሽን» የወጣው በ1951 ነው። የዚሁ ታሪክ ገጸ ባሕርይ የሆነውን የሃሪ ሴልደንን ወጣትነት የሚተርከው መጽሐፍ የመጣው በ1988። ታሪኩ ይቀድማል ብሎ ከሁለተኛው መነሳት በረካውን ጠጥቶ ወደ አቦል እንደመመለስ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን የትርጉም ነገር ነው። አብዛኞቻችን የፈረንሳዊውን የጁል ቬርንን መጻሕፍት የምናነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም በነጻ የሚወርደውን። ስለ ካፒቴን ኔሞና ስለ ባሕር ሰርጓጅ መርከቡ የጻፈውን በ1870ዎቹ የተረጎመው ሉዊስ መርሲየር ሩብ ያህሉን ቆርጦ ጥሎታል። ፈረንሳይኛው የኔብራስካን ሸለቆና ቦረቦር የበዛበት ጠፍ መሬት ሲጠቅስ፣ እሱ «ደስ የማይለው የኔብራስካ ግዛት» ብሎ ቁጭ። ከዚያ ቬርን የልጆች ጸሐፊ ነው እንላለን! ስለዚህ ከማውረድዎ በፊት የተርጓሚውን ስም ይዩ። መርሲየር ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ስም ከሌለው፣ ሌላ ይፈልጉ።

«ፊዚክስ አልችልም» ብሎ የሚሸሽም አለ። የሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451» ውስጥ ያሉት መጽሐፍ የሚያቃጥሉ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። ምን ፊዚክስ አለው?

እና በምን ልጀምር ካሉኝ፣ በኤች. ጂ. ዌልስ «ታይም ማሽን»፣ 1895። ቀጭን ናት፤ በአንድ ቅዳሜ ታልቃለች። እንግዶች እራት ቀርበዋል። የጋበዛቸው የቤቱ ጌታ አርፍዶ፣ አቧራ ለብሶ፣ እያነከሰ ይገባል። በጊዜ መጓዣ ማሽኑ ከ800 ሺህ ዓመት በኋላ ወዳለው ዘመን ደርሶ መመለሱ ነው። ወሬውን ሳይጀምር ግን ከበጉ ሥጋ አስቀሩልኝ ይላቸዋል።