የማይነሣ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተርን መመርመርና መጠገን

ባሕር ዳር ውስጥ ለዓመታት ያገለገለ ዴስክቶፕ አልነሣ ሲል፣ የበጋው አቧራ፣ የክረምቱ እርጥበት ወይም መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ማሽኑ አበቃለት ብሎ ከመጣል በፊት በእርጋታ መመርመር ይገባል። በቅድሚያ ሶኬቱንና ገመዱን በሌላ ዕቃ ይፈትሹ።

ቁልፉ ሲጫን ፋኑ ፈጽሞ ካልዞረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሣጥን) ነው። ከማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ከሚያያዙበት ዋና ሰሌዳ) ይንቀሉትና በትልቁ ማያያዣ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር አገናኝተው በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) ይለኩ፤ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት ገደማ መስጠት ሲኖርበት፣ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ በሌላ ይተኩት። የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ግን አደራ አይክፈቱ፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ገመዱ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምሞክረው ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ነው፤ በተለይ ኮምፒውተሩ ክረምቱን ሳይነካ ከከረመ። ገመዱን ነቅለው፣ የማብሪያ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭነው፣ በእጅዎ የሣጥኑን ብረት ከነኩ በኋላ ራሙን ያውጡ፤ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ በቀስታ ፈግፍገው፣ ፍርፋሪውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርገው፣ ቀጭ እስኪል መልሰው ይግጠሙት። ሁለት ከሆኑ አንድ በአንድ ይሞክሯቸው።

ሰዓቱ በየጊዜው የሚዛባ ከሆነ ደግሞ ሳንቲም የሚመስለውን ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ሲአር 2032ን፣ ይቀይሩ። ማዘርቦርዱ ላይ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካዩ፣ ብየዳ ለለመደ ባለሙያ ይስጡት።