ከጅማ ሄዶ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ለሚያደርግ ሰው፦ የወጪ አያያዝ

መጀመሪያ ቀዶ ሕክምናው የሚገባዎት መሆኑን ያረጋግጡ። ክብደትዎን በኪሎ፣ ቁመትዎን በሜትር ይለኩ፤ ቁመቱን በራሱ አባዝተው ኪሎውን ለውጤቱ ያካፍሉ። 110 ኪሎ የሚመዝን፣ 1.65 ሜትር የሚረዝም ሰው 40.4 ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት ይህ ቁጥር 35ና ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው ለቀዶ ሕክምና ይታጫል፤ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከ30 ጀምሮም ሊታሰብለት ይችላል።

ጨጓራ ላይ ቀለበት የሚያስረውን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ረከሰ ብለው አይምረጡ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ከቀዶ ሕክምናዎቹ ሲሶ ያህሉ ቀለበት ነበር፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ግን ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ቀለበቱ ስለሚንሸራተት ብዙዎች ለማስወጣት ሁለተኛ ጊዜ ከፍለዋል። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉን ቆርጦ የሚያወጣው ስሊቭ ነው።

ዋጋውን በቃል አይቀበሉ፤ ፕሮፎርማ ያስጽፉ። ለስሊቭ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 የስቴፕለር ካርትሪጅ (ጨጓራውን ቆርጦ የሚሰፋው መሣሪያ ውስጥ የሚገባ የስፌት ሽቦ መያዣ) ይገባል፤ ከውጭ የሚመጣና አንዴ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ ስለሆነ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ስንት ካርትሪጅ እንደተቆጠረ፣ የስንት ቀን አልጋ እንደታሰበ፣ ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና ይጠይቁ። ሰው ሁሉ የሚረሳው ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነው፦ በ30 ቀን ውስጥ ጨጓራው ከተሰፋበት ቢያፈስ ወይም ቢደማ፣ የድጋሚ ቀዶ ሕክምናውንና የጽኑ ሕሙማን ክፍሉን ማን ይከፍላል?

ቀዶ ሕክምናውን አዲስ አበባ የሚያደርጉ ከሆነ የሁለት ሳምንት ማረፊያ ለራስዎና ለአስታማሚዎ ይያዙ፤ የማፍሰስ አደጋው በብዛት የሚታየው በዚሁ ጊዜ ነው። ወደ ጅማ የሚመልሰው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየሰዓቱ መኪና አስቁመው 5 ደቂቃ ይራመዱ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ በእግር ላይ ደም ያረጋል።

ትልቁ ወጪ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ዕድሜ ልክ ስለሚቀጥል። መልቲቫይታሚን፣ ቢ12፣ ብረት፣ ቫይታሚን ዲ፣ በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋል። የወር ዋጋውን ከፋርማሲ ጠይቀው በ12 ያባዙ፤ ያንን በየዓመቱ መቻልዎን ሳያረጋግጡ ቀጠሮ አይያዙ። ፕሮቲን በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያስፈልጋል፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ይሰጣል። በሶና አጥሚት ሆድ ይሞላሉ እንጂ ይህን አይተኩም። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ይተዉት። ለሕመም ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራውን ያቆስላሉ።

የልብ ምት በደቂቃ ከ120 ካለፈ፣ ትኩሳት ወይም የግራ ትከሻ ሕመም ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ ወረቀት ኮፒ ይያዙ። ትውከት ለቀናት ካላቋረጠ ደግሞ፣ «ደክሞኛልና ግሉኮስ ይሰቀልልኝ» ከማለትዎ በፊት ቀዶ ሕክምና መሠራትዎን ይንገሩ፤ ቫይታሚን ቢ1 ሳይሰጥ ግሉኮስ ከቀደመ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል።