ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን፦ የጣሊያንን ወይን ቀምሶ መለየት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጥሩ የጣሊያን ወይን እጃችን የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። ወይ ዘመድ ከሚላኖ ይዞ ይመጣል፣ ወይ አንዱ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ገዝቶ ያመጣል። ከዚያ ጠርሙሱ በምሳ መሀል ይከፈታል፣ ከቀይ ወጥ ጋር ይጠጣል፣ «አሪፍ ነው» ተብሎ ያልቃል። እኔን ይቆጨኛል። ባሮሎ የሚባለው የጣሊያን ቀይ ወይን ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ለገበያ እስኪወጣ ቢያንስ 38 ወር ይጠብቃል፣ ከዚህ ውስጥ 18ቱን ወር የሚያሳልፈው እንጨት በርሜል ውስጥ ነው። ይህን ያህል የተጠበቀ ነገር አስር ደቂቃ ትኩረት አያንሰውም።

ዋናው ምክሬ ይሄ ነው፦ መለየት የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ጠርሙስ ብቻውን አትክፈቱ። ሁለት ክፈቱ፣ ሁለቱም በአንድ ነገር ብቻ ይለያዩ። ብቻውን የተቀመሰ ወይን ጥሩ ነው ወይም አይጥምም ከማለት በላይ አያናግርም። ሁለት ሲሆን ግን ምላስ ራሱ ማወዳደር ይጀምራል። ዋጋው ከበደ? ተዋጡ። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለቅምሻ ለአንድ ሰው 60 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ስድስት ሰው ሁለት ጠርሙስ ቢገዛ እያንዳንዱ ከሁለቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ይቀምሳል።

መጀመሪያ በቦታ የሚለያዩ ጥንድ ፈልጉ። ባሮሎ በሰሜን ጣሊያን፣ ፒየሞንቴ ውስጥ፣ ኔቢዮሎ ከሚባል አንድ ዓይነት የወይን ፍሬ ብቻ የሚሠራ ነው። የሚመረትባቸው ወረዳዎች 11 ናቸው። ከላ ሞራ በኩል የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለስለስ ያለ፣ ሽታው ቶሎ የሚወጣ ነው። ከሴራሉንጋ የሚመጣው ጠንከር ያለ፣ ድድ የሚይዝ፣ ዓመታት የሚፈልግ ነው። ፍሬው አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ የሚለየው ኮረብታውና አፈሩ። በአንድ ጊዜ ሁለቱን ከቀመሳችሁ ስለ አፈር የሚወራው ሁሉ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል። ባሮሎ ከተወደደባችሁ ወደ ሌላው የጣሊያን ክልል፣ ወደ ቶስካና ወይኖች ዙሩ። ኪያንቲ ክላሲኮ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዘ የሚባል የወይን ፍሬ ነው፣ ጠርሙሱ አንገት ላይ ጥቁር አውራ ዶሮ አለው። ብሩኔሎ ዲ ሞንታልቺኖ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳንጆቬዘ ነው። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግም ጥሩ ትምህርት ነው።

ቀጥሎ በዓመት የሚለያዩትን። የአንድ አምራች፣ የአንድ ዓይነት ወይን፣ ሁለት ዓመት። እዚህ ላይ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ወይኑ የተለቀመበት ዓመት እንጂ ለገበያ የወጣበት አይደለም፣ የፈረንጆቹም አቆጣጠር ነው። 2016 የሚል ባሮሎ ካገኛችሁ ፍሬው የተለቀመው በእኛ 2009 መስከረምና ጥቅምት ገደማ ነው። 2016 በፒየሞንቴም በቶስካናም በጣም የተመሰገነ ዓመት ነው። 2014 ቀዝቃዛና ዝናባማ ነበር፣ 2017 ደግሞ ሙቀትና ድርቅ። የዝናቡ ዓመት ወይን ቀጠን፣ ኮምጠጥ ይላል። የድርቁ ዓመት ወይን የበሰለ ፍሬ ይሸታል፣ አልኮሉም ጉሮሮ ላይ ይሞቃል። ግን «መጥፎ ዓመት» ተብሎ የተጠላውን ሁሉ አትናቁ፣ ጎበዝ አምራች በዝናብ ዓመትም የሚጠጣ ወይን ያወጣል፣ ዋጋውም ቀለል ይላል።

ጠርሙሱ ቤት ሲደርስ ወዲያው አትክፈቱት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጠርሙስ በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ መኪና ውስጥ ታፍኖ ነው የሚያልፈው። ቡሹን እዩ። ከጠርሙሱ አፍ ወደ ላይ ገፋ ብሎ ከወጣ፣ ወይም አንገቱ ዙሪያ የሚያጣብቅ ነገር ከፈሰሰ፣ ሙቀት መቶታል ማለት ነው። ደህና ከሆነ ጥቂት ቀን ጨለማ ቦታ ይረፍ። ያረጀ ወይን ከሆነ አተላው እንዲዘቅጥ ከመክፈታችሁ አንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት።

ለእንዲህ ያለ ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይስማማዋል። ደሴ ላይ ብዙ አትጨነቁ፣ ብርዱ ራሱ ይሠራላችኋል። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ግን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። የሞቀ ወይን አልኮሉ ብቻ ነው የሚሸተው።

ሌላው የወሎ ቤት ጉዳይ ቡናው ነው። ቡና በሚቆላበት፣ እጣንና አድሩስ በሚጨስበት ክፍል ወይን አይቀመስም። እኔ የቡናን ሥርዓት ከማንም በላይ እወዳለሁ፣ ግን ቡናው ከቅምሻው በኋላ ይሁን። ሽቶም ተቀብታችሁ አትምጡ። በርበሬም እንዲሁ፣ የሚያቃጥል ወጥ የበላ ምላስ አልኮሉንም ምሬቱንም አብልጦ ነው የሚሰማው። በዳቦና በውሃ ቅመሱ።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፣ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ሙሉት። ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ። ኔቢዮሎ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው፣ ውሃ የበዛበት እንዳይመስላችሁ። ሲያረጅ ዳር ዳሩ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል።

ከዚያ አሽትቱ። መጀመሪያ ሳትነቀንቁ፣ ቀጥሎ ብርጭቆውን ዞር ዞር አድርጋችሁ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ከቅምሻው ግማሹ አፍንጫ ነው። ባሮሎን የሚያውቁ ሰዎች ጽጌረዳና ሬንጅ ይሸታል ይላሉ፣ እውነትም አዲስ አስፋልት ሲነጠፍ ያለውን ሽታ የሚያስታውስ አለ። ሳንጆቬዘ ላይ ኮምጠጥ ያለ ቀይ ፍሬ፣ ደረቅ ቅጠል፣ አንዳንዴ ቆዳ ታገኛላችሁ። ግን የሰው ቃል አትዋሱ። ቼሪ በልታችሁ የማታውቁ ከሆነ ቼሪ ሸተተኝ አትበሉ። እንጆሪ፣ ፕሪም፣ ቅርንፉድ፣ ዝናብ የነካው አፈር፣ የምታውቁትን ጻፉ። እርጥብ ካርቶን ከሸተታችሁ ቡሹ አበላሽቶታል፣ ቢናፈስም አይመለስም። ኮምጣጤ ከሸተተም ተዉት።

አሁን ቅመሱ። ትንሽ ጎንጭ ብላችሁ ወይኑን አፋችሁ ውስጥ አንሸራሽሩት፣ አየር ሳቡበት። በጠጅና በአክሱሚት ለለመደ ምላስ የመጀመሪያው ጉንጭ ኮምጣጣ ይሆንበታል፣ እነዚህ ወይኖች ስኳር የላቸውም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ፍረዱ። ሦስት ነገር ለዩ። ምራቅ የሚያመጣው ኮምጣጣነቱ ነው። ድድና ምላስ የሚያደርቀው ታኒን ነው፣ ካላወቃችሁት ብዙ የፈላ ሻይ ያለ ስኳር ቀምሳችሁ ኑ። ጉሮሮ ላይ የሚሞቀው አልኮሉ ነው። ጥሩ ወይን ላይ ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ገኖ አይወጣም፣ ከፍሬው ጣዕም ጋር ተያይዘው ይሄዳሉ። ከዋጣችሁ ወይም ከተፋችሁ በኋላ (መትፋት ነውር አይደለም፣ ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት ነው) ጣዕሙ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ቁጠሩ። ቶሎ የሚጠፋ ወይን ምንም ያህል ቢወደድ ለእኔ ትልቅ ወይን አይደለም።

ሁለት ነገር ደግሞ አጥብቄ እላለሁ። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሉ፣ አንድ ሰው ብቻ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይወቅ። ዋጋ ያየ ሰው ምላሱን አያምንም። ሌላው፣ ሁሉም መጀመሪያ ዝም ብሎ ይጻፍ፣ ወሬው በኋላ። አንድ ደፋር ሰው ቀድሞ «ይሄ ጽጌረዳ ይሸታል» ካለ ጠረጴዛው ሁሉ ጽጌረዳ ይሸተዋል። ከመቶ ነጥብ መስጠትም አያስፈልግም፣ የትኛውን እንደመረጣችሁና ለምን እንደመረጣችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩ።

አዲስ ባሮሎ መጀመሪያ ላይ ዝግ ሊል፣ ሽታው ቶሎ ላይወጣ ይችላል። በመስታወት ጆግ ገልብጣችሁ አንድ ሁለት ሰዓት አቆዩት። ከሁለቱም ጠርሙስ ትንሽ አስተርፉ፣ ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ አስገቡና በማግስቱ ማታ፣ ቀዝቃዛነቱ ሲለቀው፣ እንደገና ቅመሱ። አንዱ ሞቶ፣ ሌላው እንዲያውም ከትናንቱ ተሽሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። የትናንቱን ማስታወሻ አውጡና ምርጫችሁ ያው መሆኑን ከሥሩ ጻፉ።