ፀሐይ ለማያገኘው የግቢ ጥግ እንሶስላ ትከሉ

አዲስ አበባ ውስጥ ከቤታችሁ ፊት ያለችው የአበባ መደብ ጠባብ ከሆነች፣ አጥሩ ወይም የጎረቤት ፎቅ ከጋረዳት፣ ጽጌረዳ ለመትከል አትድከሙ። ፀሐይ ያጣ ጽጌረዳ ይመነምናል፤ አበባውም ይሳሳል።

እንሶስላን ግን አስቡበት። ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት ሥር ስለሆነ ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ አበባውን ልብ ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው። የራሳችን የደጋ ተክል ነው። በተፈጥሮው ጥላና እርጥበት ባለበት ጫካና ወንዝ ዳር ይበቅላል። አበባው ተለቅ ያለ ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ መስመር አለው። ሲመሽ ሽታው ልብ ያርሳል። በበጋ ግንዱ ይደርቃል፤ ሞተ ብላችሁ እንዳትነቅሉት! ሥሩ መሬት ውስጥ አለ፤ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ቁመቱ ከ1 ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ከኋላ፣ ግድግዳው ጋ ይሁን።

ከፊቱ ካላ ሊሊ (እንደ ቀንድ የተጠቀለለ አበባ ያለው ተክል) ያምራል፤ እርጥበት ይወዳል፣ ከዓመት ዓመትም ይቆያል። ሲታኘክ ግን አፍ ስለሚያቃጥል ድክ ድክ የሚል ልጅ ያለበት ቤት ቢቀር ይሻላል። ጠርዙን ስፓይደር ፕላንት (ረጃጅምና ቀጫጭን ቅጠል ያለው ተክል) ይሸፍነዋል፤ የሚያወጣቸውን ትንንሽ ቡቃያዎች ቆርጦ መትከል ብቻ ነው፣ ሌላ መግዛት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ዝናብ በደንብ አይደርስም። ክረምትም ቢሆን አፈሩን በጣታችሁ ነካ አድርጉት፤ ደረቅ ከሆነ አጠጡ።