ለዝናባማ ከሰዓት የሚሆን አጭር ጌም

ጅማ ክረምቱ ሲከብድ ከሰዓት ከቤት መውጣት አይታሰብም። እንዲህ ላለው ቀን «ኦልድ ማንስ ጆርኒ» የሚባለውን ጌም ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ብሮክን ሩልስ የተባለ የቪየና ስቱዲዮ በ2017 (በፈረንጆቹ) ያወጣው ነው። እንደ ተረት መጽሐፍ የተሳለ ሲሆን ንግግር የለውም፤ ታሪኩ በሥዕል ብቻ ይነገራል። ስለዚህ ገና ማንበብ ያልጀመረ ልጅም አብሮ ይከታተላል። ሳይረዝም ቁጭ ባላችሁበት ያልቃል።

አንድ ሽማግሌ ደብዳቤ ይደርሳቸውና ቦርሳቸውን አዝለው ይነሳሉ። እናንተ ኮረብታዎቹን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች እየሳባችሁ መንገድ ታበጁላቸዋላችሁ። (የጅሬንን ዳገት እንዲህ ዝቅ ማድረግ ቢቻል ኖሮ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ማን ያልበው ነበር!) ጀማሪ ግራ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፦ እሳቸው የቆሙበት ኮረብታ አይነቃነቅም። ሌላውን ሳቡት። የሁለቱ ጠርዝ ሲነካካ በዚያ ይሻገራሉ። በጎች መንገድ ከዘጉባቸው መንጋውን ነካ አድርጉት፣ ይሸሻል።

ሽማግሌው አረፍ ሲሉ የድሮ ትዝታቸው በሥዕል ይመጣል። እሱን እንዳትዘሉት፤ የጌሙ ልብ ያለው እዚያ ነው። በየመንገዱ ያሉትን ቤቶችና እንስሳትም ነካ ነካ አድርጉ፣ አንዳንዱ ያስቃል።

ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቀድማችሁ አውርዱት፤ ስልኩንም መብራት ሳይሄድ ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ሙዚቃው ቆንጆ ስለሆነ ኢርፎን አትርሱ፣ በተለይ የቤታችሁ ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ።